ከምግብ በኋላ

ለወንድሜ ሚስት፤
ከሆጤ፣ ደሴ

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት አደረጋችሁ? እኔ ከቅናት በስተቀር ደህና ነኝ። “ከናፍቆት በስተቀር” ነበር የሚባለው፤ አንቺን ግን ናፍቄሽ አላውቅምና አልዋሽሽም። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ ይህን ከእማዬ መድኃኒት ጋር ፌስታሉ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

እማዬ እናንተ ዘንድ ከገባች ወዲህ ጨጓራዬን ስትልጪው ኖረሻል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነርስ ሆኜ የሰው እናት ሳስታምም፣ የእኔን እናት የምታጥቢ የምታጎርሺ አንቺ! ልትጠይቀኝ ደሴ በወጣች ቁጥር “ምራቴ እንዲህ አደረገችልኝ፣ ምራቴ እንዲያ አለችኝ” ነው። አብርሃምን ወሰድሽው፤ ይሁን፣ ወንድም ያገባል። ለእናቴ ግን አንቺ ምን ቤት ነሽ? እሷ ቅዳሴ ስትቆም አንቺ ጸሎት ቤትሽ ነሽ፤ እሷ ስትጾም አንቺ ትበያለሽ። እንዲያም ሆኖ ካንቺ ስም ሌላ ከአፏ አይወጣም።

በፍልሰታ “ደም አስመለሳት” ብላችሁ ስታመጧት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ትውከቷ የቡና አተላ ይመስላል፣ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፣ እጇ በረዶ ነው። ግሉኮስ ሰካሁላት፣ ግፊቷን በየሩብ ሰዓቱ ለካሁ። አፌ ግን አላረፈም፤ በአብርሃም ፊት “በበርበሬሽ ጨረስሻት!” አልኩሽ። አንቺ እግሯን ታሺ ነበር።

ሐኪሙ በካሜራ አይቶ የጨጓራዋ የውስጥ ሽፋን ተቆጥቷል፣ ቆስሎም ይደማል አለ። በርበሬ ብቻውን እንዲህ እንደማያደርግ ነገረንና የሕመም ማስታገሻ ክኒን ማን እንደሰጣት ጠየቀ። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ግሉኮሱን የማስተካክል መሰልኩ። አንቺ ነሽ “ገዝቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ” ያልሽው። አብርሃም ያን ጊዜ እንዴት እንዳየሽ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ እንደማያናግርሽም እማዬ ነግራኛለች።

ምግብ ሲፈቀድላት የእኔን ሾርባ ፊቷን አዙራ እምቢ አለች፤ ያንቺን የአጃ አጥሚት በማንኪያ ጨረሰችው። ከይሪያ፣ አብራኝ የምትሠራው፣ “ወላሂ፣ ነርስ መሆን የነበረባት ይቺ ነች” አለችኝ። ከዚህ በላይ ምን ስድብ አለ!

እንግዲህ ክኒኑ። ጉልበቷን ሲያማት አንቺ ቅባት ታሺያት ነበር። ከቅባትሽ የሚበልጥ ልስጣት ብዬ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከኔ እጅ ሰጠኋት። “ለእሷ እንዳትነግሪያት፤ ይሄ የእናትና የልጅ ነው” አልኳት። መጠቅለያው ላይ “ከምግብ በኋላ” ብዬ ጻፍኩ፤ ጾሙ ትዝ አላለኝም። እሷ ለካ ቅዳሴ እንድትቆምበት ጠዋት ጠዋት ያለ ውሃ ስትውጠው ኖራለች። ብጠይቃት፣ “ማታ በልቻለሁ፤ ከምግብ በኋላ አይደል እንዴ? ውሃም አልጠጣሁበት፤ ጾሜን አልገደፍኩም” አለችኝ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ብትነግርሽ ኖሮ አንዲት ፍሬ አታስውጫትም ነበር። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።

እማዬ ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ጋውኔ ኪስ ውስጥ ያ መጠቅለያ ተጣጥፎ አገኘሁት። ማን እንደከተተው አልጠየቅኩም። እንጀራዬን አተረፍሽልኝ፤ እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በደግነትሽም ቀናሁብሽ።

አሁን የምልሽን ስሚ። ፌስታሉ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ከቁርስ ግማሽ ሰዓት አስቀድመሽ፣ በውሃ ስጫት። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ትብላ። ቡና ብትለምንሽም እንዳትራሪላት። ሰገራዋ ከጠቆረ ሳታድሪ አምጫት። የጾሙን ነገር ከንስሐ አባቷ ጋር እኔ እጨርሳለሁ።

እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። እንደናንተው ልበልና፣ ጌታ ይባርክሽ።

መጠቅለያውን ከዚሁ ጋር ልኬዋለሁ። አብርሃም ፊት አስቀምጪው እንጂ ምንም አትበይው። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ የእጄን ጽሕፈት ያውቀዋል።

እህትሽ