ጨጓራ ነው አልኩ

ማርች 3
የምነዳውን የትምህርት ቤት ባስ አቁሜ ቤት ገባሁ። ወንድሜነህ ሶፋው ላይ ነው። ከሆስፒታል ከወጣ አራተኛ ቀኑ። ጓደኛዬ ሄለን ደውላ «ምን ነክቶት ነው?» አለችኝ። ጨጓራ አልኳት። ምን ልበል? ወንድሜ ከአሜሪካ ጦር ተመልሶ መኖር አስጠላው ይባላል?

ማርች 5
የጨጓራው ወሬ እዚህ አሌክሳንድሪያ ያለውን አበሻ ሁሉ አዳረሰ። ተልባ በፌስታል በፌስታል ይመጣል። ወንድሜነህ እያመሰገነ ይጠጣል።

ማርች 7
የቬተራን፣ የቀድሞ ወታደሮች፣ ሆስፒታል ካውንስለር በቪዲዮ አነጋገረችን። ሽጉጥ እንዳለው ታውቃለች፤ «የት ነው?» አለች። ስፕሪንግፊልድ፣ ያለው የሚባል ጓደኛው ቤት፣ ተቆልፎበት። ሆስፒታል ሊገባ ሲል ራሱ ነው የሰጠው፣ «ያዝልኝ» ብሎ ብቻ። ጥሩ አለች። ለእኔ ደግሞ... ስትጠራጠሪ በግልጽ ጠይቂው፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። እሺ አልኩ። በምን አፌ?

ማርች 11
ያለው መጣ። በአንድ እጁ ተልባ፣ በሌላው የሽጉጡ ሳጥን። «ጨጓራው ተሻለው ሲሉኝ ዕቃውን ላድርስ ብዬ» አለ። ሳጥኑን ወንድሜነህ አጠገብ አስቀመጠው። ወንድሜነህ አልነካውም። ዓይኑን ግን ከሳጥኑ ላይ አላነሳም።

ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ያለው ምን አጠፋ? እኔ ያወራሁትን ነው ያመነው።

«ጨጓራ አይደለም» አልኩ። «ራሱን ሊያጠፋ ነበር።»

ያለው ተልባውን እንደያዘ ወደ ወንድሜነህ ዞረ። «ወንዴ፣ እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው።»

ያኔ ጠየቅሁት። እንግዳ ፊት። «ዛሬስ? ራስህን ማጥፋት አስበሃል?»

«ጠዋት አላሰብኩም... ሳጥኑን ሳየው፣ አዎ።»

ያለው ሳጥኑን ይዞ ወጣ። እኛ ካውንስለሯ ጋ ደወልን፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን። አብዛኛውን የተናገረው ወንድሜነህ ነው።

ማርች 12
ተልባውን ደፋሁት። ለጠየቀኝ ሁሉ እውነቱን ነገርኩ። ሁለቱ ስልክ ዘጉብኝ። ይዝጉ።

ማርች 20
ወንድሜነህ በየሳምንቱ ቀጠሮ አለው። ዛሬ ሄዶ መጣ። መንገድ ላይ ጠየቅሁት፣ «ዛሬ ሐሳቡ የለም» አለኝ።

ማታ ወይዘሮ ሉባባ ከጎረቤት ከተማ፣ ከበርክ፣ ደወሉ። ብዙም አንተዋወቅም። ልጃቸው እሱም ወታደር ነበር። «ክፍሉን ዘግቶ ከዋለ ሳምንቱ። ወንድምሽን ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?»

ነገርኳቸው። ቃሉን ቀስ ብለው ደገሙት። «አሁኑኑ ላንኳኳ» አሉ። «ስልኩን ግን እንዳትዘጊብኝ።»

«አልዘጋም፣ አለሁልዎ» አልኳቸው።

ወንድሜነህ ሁሉንም ሰማ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

«በርክ ስንት ደቂቃ ነው?» አለኝ።