ከጉልበት በታች

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ከሁሉ አስቀድሞ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ኒው ዮርክ በረዶ ሊጥል ነው ሲሉ ሰምቼ ብርዱ እንዳይጠዘጥዘው ሰጋሁ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ሎስ አንጀለስ በኅዳርም ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሎሚው ለጎረቤት እስኪተርፍ አፍርቷል።

ጎረቤቴ ሚስስ ፔትሮስያን ጋዜጣ ላይ የተናገርሽውን ቆርጣ አመጣችልኝ። «እናቴም በድሮው ፊልም ውስጥ ትንሽ ነገር ሠርታለች» ብለሻል። ትንሽ ነገር! የፊልሙ ኮከብ ሎርና ዌስተን በዚያ ደረጃ እየጨፈረች ስትወርድ ፊቱ የሷ ነው፤ ከጉልበት በታች ግን እኔ ነኝ። ጫማዬ ደም እስኪሞላ የጨፈርኩት እኔ፣ አበባ የታቀፈችው እሷ። ስሜን የትም አልጻፉትም። አሁን ፊልሙ ወደ መድረክ ሲመጣ ደግሞ ፊቱም እግሩም ያንቺ ሆነ። ደስ አይለኝም እንዴ? ልጄ አይደለሽ?

ባለፈው ሳምንት አዘጋጃችሁ ሚስተር ኦስትራንደር ደወለልኝ። የደረጃውን ዳንስ የፈጠረው ሰው ሞቷል፣ ፊልሙም የሚያሳየው ቁርጥራጩን ነው፣ ልጅሽም መሀሉ ላይ ትስታለች፤ ሙሉውን የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን? አለኝ። «ጌታዬ፣ ከኔ ሌላ ማን ያውቀዋል?» አልኩት። ጨዋ ሰው ነው፣ ስላንቺ ጤናም ጠየቀኝ። «ስፌቱ ከደረቀላት ወዲህ ደህና ናት» አልኩት።

«የምን ስፌት?» አለኝ።

እንግዲህ ምን ልበል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በጸደይ ጉልበትሽን ቀዶ ጥገና እንደተደረግሽ፣ ሐኪሙ ደረጃ እንዳታበዢ እንዳስጠነቀቀሽ፣ ሽንት ቤት ደግፌ አመላልስሽ እንደነበር ነገርኩት። «እማ፣ አደራ ለማንም እንዳትነግሪ» ብለሽኝ ነበር፤ አልዘነጋሁም። እሱ ግን ማንም አይደለማ፣ አለቃሽ ነው። እናት ለልጇ ካልሰጋች ማን ይስጋላት? ስለ ነገርኩትም አመሰገነኝ።

ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ ነግሮሽ ይሆናል። አታልቅሺ፤ ለቅሶ ፊት ያሳብጣል፣ ያንቺ ፊት ደግሞ ቶሎ አይመለስም። ቤትሽ ግቢ፤ ክፍልሽን ጠርጌልሻለሁ፣ ቁልፉ ከሎሚው ሥር ነው። እኔን ግን አታገኚኝም። በቦታሽ የምትገባዋን ልጅ ዳንሱን የሚያስተምራት ስለጠፋ ሰኞ ወደዚያው እመጣለሁ። ሆቴል ይዘውልኛል። ስሜንም ለተመልካች በሚታደለው ወረቀት ላይ እናወጣዋለን ብሎኛል፤ እንዳይሳሳቱ ፊደሉን አንድ በአንድ አስቆጠርኩት።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ለዕድልሽ ብዬ የሰጠሁሽን ያን የፊልሙን የብር ቀለም ጫማ ለመድረክ በር ጠባቂው ተዪልኝ። የልጅቷ እግር ልክ የኔን ያህል ነው አሉ። አንቺንማ ሁልጊዜም ይጠብሽ ነበር።

እግርሽን እንቅፋት አይምታው፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ።

ሁሌም የምታስብልሽ
እናትሽ