ሰባት እርምጃ የተዛወረው ችካል

ይድረስ ለውዷ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽልኝ እማዬ? ጤናሽስ? ጉልበትሽ በዚህ ብርድ እንዴት ሆነልሽ? ያ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅስሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም «ትንሽ ነው» እያልሽ ትደብቂኛለሽ? አባዬስ የተሰበረ መነጽሩን አሠራ ወይስ ጋዜጣውን አሁንም በአንድ ዓይኑ ነው የሚያነበው? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ይህን ወረቀት የያዝኩት ሌላውን ግማሽ ልነግርሽ ነው። ስልክ ብደውል ገና ድምፄን ስትሰሚ «ምን ሆነሻል?» ትይኛለሽ፣ እኔም «ምንም» ብዬ እዘጋዋለሁ። ደብዳቤውን ነገ ማለዳ በሚነሳው አውቶቡስ ረዳት እጅ ስለምሰደው ማታ ይደርስሻል። እባክሽ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ እሑድ እህትሽ ሳትደውልልሽ በፊት።

ስለ ሥራዬ ደህና አድርጌ ካጫወትኩሽ ቆየሁ። ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው የባቡር መስመር ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከድንጋይ መፍጫዎቹ ሰፈር ይነሳል፣ የሲሚንቶ መጋዘኖቹን በጀርባቸው ይታከካል፣ የእንጨት ገበያውን በድልድይ ይሻገራል፣ ከሆስፒታሉ አጥር ጋር ጎን ለጎን ይሄድና ወንዙን ይዞ ይወርዳል። እኛ ሰፈር ሲደርስ እንደ ክንድ ይታጠፍና ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ ሄጄዋለሁ፤ የጫማዬን ሶል ብታዪው ታዝኚልኛለሽ። ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆማና ተጋፍታ ሥራ የምትደርስ ነርስ ነገ በአርባ ደቂቃ ተቀምጣ ትደርሳለች። ይህን ሳስብ እንደ ልጅ ልቤ ይዘላል። ጓደኞቼም «ባቡሩን የምትጎትችው አንቺ ነሽ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል።

የኔ ድርሻ ችካል ነው። በመስመሩ መሐል ለመሐል ጫፉ ቀይ የተቀባ እንጨት እንተክላለን። ለእያንዳንዱ ችካል መዝገብ ላይ ሦስት ልኬት ይጻፍለታል፤ ከመብራት ምሰሶ፣ ከግንብ ጥግና ከሌላ አንድ የማይነቃነቅ ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ። ቀለም ቀቢዎቹ ከችካሉ ግራና ቀኝ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሜትር ይለኩና፣ በዚያ ውስጥ የገባ ቤት ግድግዳ ላይ ቀይ ቁጥር ይጽፋሉ። ቁጥር የተጻፈበት ቤት ይፈርሳል። እነሱ ከመለካታቸው በፊት ችካሉ ከቦታው አለመነቃነቁን በሦስቱ ልኬት አይቼ «ተረጋግጧል» ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። አለቃችንን ሠራተኛው ሁሉ «ውሃ ልክ» ይላቸዋል፤ ግንበኛ የግድግዳ መዝመም እንደሚያይበት ዕቃ፣ ወዲህም ወዲያም የማይሉ ሰው ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን «ልጄ፣ መሬት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ፊርማ ነው» ብለውኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ቀን፣ የኛን ሰፈር ስንቀይስ ዝናቡ አላስቆም አለን። ቀደም ብለው የተተከሉ አሥራ ስምንት ችካሎች ማረጋገጥ ነበረብኝ። ውሃ ልክ ከምሳ በፊት ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይዘው እንደሚመጡ ሰምቼ፣ በእንግዶቹ ፊት «ጨርሻለሁ» ለማለት ቸኮልኩ። አሥራ ሰባቱን ለካሁ። አሥራ ስምንተኛው ልክ መታጠፊያው ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቀጭን መንገድ ጫፍ ላይ ነው። ከሩቅ ሆኜ አየሁት፤ ቀይ ጫፉን ቀስሮ ቆሟል። ሜትሩን ሳልዘረጋ ፈረምኩ። እንግዶቹ ሲመጡ ውሃ ልክ «ይቺን ልጅ ዝናብ አይበግራትም» አሉ። ያን ቀን ደውዬልሽ ምን ያህል እንደጎረርኩ ትዝ ይልሻል?

በዚያው ከሰዓት ከመንገዷ በታች አምስት ቤቶች ቀይ ቁጥር ተጻፈባቸው። ከመንገዷ በላይ ያለው የአክስቴ ቤት ተረፈ። አክስቴ ግንባሬን ስማኝ ሳትጠግብ በማግስቱ በር ለበር እየዞረች «የእህቴ ልጅ መስመሩን በእጇ አጠፈችልን!» አለች። «ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩም» ብል ማን ይሰማኛል? «ዝም በይ፣ ትሕትናሽን እናውቃለን» እያለች አፌን ዘጋችው። ባለቤቷ ጋሼም ደስ አላቸው። እንደምታውቂው ግማሽ አካላቸውን ከመታቸው ወዲህ ከአልጋቸው እስከ በሩ የሚሄዱት ግድግዳ እየዳሰሱ ነው፤ ቀለሙ በእጃቸው ልክ ተፍቆ መስመር ሠርቷል። «ይህን ቤት በመዳፌ አነበዋለሁ፤ ሌላ ቤት ብትሰጡኝ መሃይም ነኝ» ይላሉ።

ያለፈው ሰኞ ቢሮው የአምስቱን ቤቶች ቅሬታ እንድመዘግብ ላከኝ። አንደኛዋ ልብስ አጣቢዋ ናት፤ የሳሙና ውሃዋን አክስቴ በር ላይ እየደፋች፣ በዚሁ ሰበብ ሁለቱ ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ያለፋቸው። ገና ስታየኝ «ግቢ፣ የባቡሯ እመቤት!» አለች። «በቀይ የጻፋችሁብኝ አንሶ ደግሞ በሰማያዊ ልትጽፊብኝ መጣሽ?» ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ወንበር ጠርጋ ሰጠችኝና እንዲህ አለች፤ «እኔ እኮ ለናንተ ውለታ የዋልኩ ሰው ነኝ። ያቺን እንጨታችሁን ቱቦ ቆፋሪዎቹ ነቅለው ጭቃ ላይ ሲጥሏት፣ ያቺ ሚጢጢዋ ልጅ ትጠየቅባታለች ብዬ ማን አነሳት? እኔ! አጥቤ፣ ሰው እንዳይረግጣት እዚህ አጥሬ ሥር ተከልኩልሽ። በድንጋይ እየመታሁ አጠበቅኳት፤ እስቲ ነቅንቂያት፣ ንቅንቅ አትልም።»

ብዕሬ እጄ ላይ ቀረ። መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። «እናንተ በዝናብ ከመምጣታችሁ በፊት በዋዜማው ነዋ» አለች። በገዛ እጇ፣ ለኔ አዝና፣ መስመሩን ወደ ቤቷ እንደጎተተችው አላወቀችም። የቅሬታው ምክንያት ምን ተብሎ ይጻፍ ስላት ትከሻዋን ሰበቀች። «ልኬቱ ልክ ከሆነ ምን እላለሁ? ልክ ነው አይደል፣ የኔ ልጅ?» አለችኝ። «ልክ ነው» አልኳት። እማዬ፣ ሳልለካ መፈረሜን ስንፍና ልበለው፤ ይህን ቃል ግን እያወቅኩ ነው ያወጣሁት።

በማግስቱ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ሜትርና መዝገብ ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። መዝገቡ ከምሰሶው ዘጠኝ ሜትር ከአርባ ይላል፤ ችካሉ ያለው አሥራ አራት ሜትር ከስልሳ ላይ ነው። ሰባት እርምጃ። ትክክለኛውን ቦታ በሦስቱ ልኬት አገኘሁት። ከዚያ ወደ ታች አሥራ ሁለት ሜትር ስዘረጋ ከአምስቱ ቤቶች አንዱንም አልነካም፤ ያንኑ ያህል ወደ ላይ ዘረጋሁ። ሜትሩ አጥሩን አለፈ፣ ግቢውን አለፈ፣ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ገና አንድ ሜትር ከስልሳ ይቀረው ነበር። የጋሼ መኝታ ክፍል ነው። የሜትሩን ኮሽታ ሰምተው በመስኮቱ «ማነህ?» አሉ። «እኔ ነኝ ጋሼ።» «ምን ጠፋሽ?» «ምንም።» ሜትሩን ጠቅልዬ ሌላ ሳይጠይቁኝ ወጣሁ።

የሰፈራችን ካርታ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሊፈረም ቀጠሮ ተይዞለታል። ከተፈረመ በኋላ ለአፍራሾቹ ይላካል፤ ማንም አይነካውም። ዝም ብል የሚያውቅ የለም። የአክስቴ ቤት ይተርፋል፤ የሙከራ ጊዜዬም ሊያልቅ አርባ ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ወዲያው ሮጬ ተናገርኩ ብልሽ እዋሻለሁ። ማክሰኞን ዝም አልኩ፣ ረቡዕንም ዝም አልኩ። «ባቡር የሆነ ሰው ቤት ላይ መሄዱ አይቀር» እያልኩ ራሴን አባበልኩ። አክስቴ ምግብ ስታቀርብልኝ ሳልጨርስ እነሳለሁ፤ «ምነው፣ ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» ብላ ስትቀልድብኝ ጭራሽ ትን አለኝ። በየጠዋቱ ልብስ አጣቢዋን ላለማግኘት በዙሪያ መንገድ እሄድ ጀመር። አንድ ሰው ከሚሠራበት መስመር ተደብቆ እስከ መቼ ይሄዳል?

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ መዝገቡን ውሃ ልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማን መልሶ እንደተከለው ብቻ «ቆፋሪዎች ነቅለውት ነበር» ብዬ አለፍኩት። «የፈረምሽው አንቺ ነሽ?» አሉ። «እኔ ነኝ።» «ለክተሽ?» «ሳልለካ።» ካርታው ላይ ጎንበስ ብለው በጣታቸው አዲሱን መስመር ተከተሉና «ይሄ የገባው ቤት የማነው?» አሉኝ። «የአክስቴ ነው። እኔም የምኖረው እዚያ ነው።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አጠለቁት፤ እንደገና አውልቀው ጠረጉት። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ «እኔ ራሴ ሄጄ እለካለሁ። አንቺ ቅደሚኝና ለአክስትሽ ንገሪ፤ ቀለሙ ካንቺ አፍ ቀድሞ እንዳይደርስባት» አሉኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፣ የሙከራ ጊዜዬ ከአንድ ተጀምሯል፤ ከመስክ ተነስቼም ካርታ ክፍል ገብቻለሁ። ለዚህ አላዝንም፣ የእጄን ነው ያገኘሁት።

አክስቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ነገርኳት። እግሯ ቆመ፣ መኪናው ግን ትንሽ ዞሮ ነው የቆመው። «ማን አገኘው?» አለች። «እኔ።» «ሌላ ማን ያውቅ ነበር?» «ማንም።» «ታዲያ!» ብላ ብድግ አለች። «ለዚያች ለባለ ሳሙና ውሃዋ ብለሽ? ሰፈሩን ሙሉ የእህቴ ልጅ አዳነችኝ ብዬ ዞሬ፣ አሁን በየትኛው ዓይኔ ነው ሰው የማየው?» ለማንም ብዬ እንዳልሆነ፣ ስህተቱ የኔ ስለሆነ እንደተናገርኩ ነገርኳት። «ስህተቱ ያንቺ ከሆነ» አለችኝ፣ «ቤቱ ለምን የኔ ይሆናል?»

ጋሼ ከውስጥ ስንት ሜትር እንደገባ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። «ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ባቡር አልወድም ነበር፤ አውቆብኝ ነው» ብለው ብቻቸውን ሳቁ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አክስቴ ጨርቁን ከመኪናው ላይ ቆርጣ አወጣችና «ቤቱ እስኪፈርስ እዚሁ ታድሪያለሽ፤ አባረረቻት መባል አልፈልግም። ካሁን ወዲያ ግን አክስቴ አትበይኝ፤ በስሜ ጥሪኝ» አለችኝ። እማዬ፣ ስሟ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ከትናንት ጀምሮ ምንም ብዬ ሳልጠራት በጓዳ በሳሎን እየተላለፍን ነው።

ዛሬ ጠዋት ቀለም ቀቢዎቹ መጡ። የታችኞቹን አምስት ቁጥሮች በኖራ አጠፉና በአክስቴ ግድግዳና ከጎኗ ባለው የአንድ አናጢ መጋዘን ላይ ቀይ ቁጥር ጻፉ። ልብስ አጣቢዋ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ አክስቴን በሩ ላይ ቆማ ስታይ ዋጠችው። ችካሉን የተከለችው እሷ መሆኗን ለአንዳቸውም አልነገርኩም፤ አንቺም ለእህትሽ አትንገሪያት። አንድ ነገር ደብቄ ልቅር ከተባለ ይህን ልደብቅ። ለአክስቴና ለጋሼ ምትክ ቦታ የሚሰጣቸው ወደ መጨረሻው ጣቢያ አካባቢ ነው አሉ። ከፈቀደችልኝ አብሬያቸው ሄጄ፣ ጋሼ አዲሱን ግድግዳ በመዳፋቸው እስኪለምዱ እጃቸውን ይዤ አለማምዳቸዋለሁ። ባቡሩንም አሁንም እወደዋለሁ፤ ይህን ማለት የሚያሳፍር ከሆነ ላንቺ ብቻ ነው ያልኩት።

እሑድ አክስቴ ስትደውልልሽ «እንዲህ አድርገሽ ነው ያሳደግሻት?» ልትልሽ ነው፤ እኔ እየሰማሁ ለጋሼ ነግራቸዋለች። ስለኔ አትከራከሪላት፤ የፈለገችውን ተናግራ ይውጣላት። ቤቱ ለምን የኔ ይሆናል ያለችውን ግን ብትጠይቅሽና መልስ ካገኘሽላት፣ እባክሽ ለኔም ጻፊልኝ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ደብዳቤውን አንቺ ካነበብሽ በኋላ ስጪው፣ መጀመሪያ ግን መነጽሩን ይሥራ። ታላቅ ወንድሜን ከነባለቤቱ፣ የማባዛት ሒሳብ እያልኩ ያሰቃየኋትን ታናሽ እህቴን፣ አዲስ የተወለደችውን ሕፃን በሁለቱም ጉንጮቿ ሰላም በይልኝ። ጎረቤታችን እትዬንም እንዳትረሺ። በየደብዳቤዬ መጨረሻ «አክስቴ ሰላም ብላሻለች» ብዬ እጽፍልሽ ነበር። ዛሬ አላለችም። ጋሼ ግን ብለውሻል።

ልጅሽ

ከቢሮው የካርታ ክፍል፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሚያዝያ 17 ቀን