ያልሳቅኩት ሳቅ

ኅዳር 3

የሳሙና ማስታወቂያ ስቀዳ ዋልኩ። «አረፋው ራሱ ይናገራል» ነው የሚለው። ደግመው ደጋግመው አስባሉኝ። አረፋ ምን ይናገራል? ብቻ ሥራ ነው።

ከሰዓት የፊልም ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ ደወለች። «ባለ ቀይ ጓንቱ» ፊልም አሥር ዓመት ሞላው። አዲስ ዲስክ ወጥቷል፤ ሙሉው፣ ሲኒማ ቤት ያልታየው ሁሉ የገባበት። በመጪው ሳምንት መጥቼ የቅጂዎቹን ልዩነት እንዳወራላቸው ነው የምትፈልገው። «በእኛ ቋንቋ የልጁ ድምፅ እርስዎ ነዎት፤ ከእርስዎ የተሻለ ማን ያውቃል?» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። ያ ልጅ እኮ የኔ ነው። ባሕር ማዶ ተወልዶ እዚህ ሲመጣ በኔ ጉሮሮ ነው አፉን የፈታው። ፊቴን የሚያውቅ የለም፤ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ስል ግን ሰው ዞር ይላል።

ለሚጣ ነገርኳት። የመድኃኒት ቤት ጋውኗን እየተኮሰች ነበር።

«አንቺ ደግሞ እታለም... አሮጌ ነገር ምን ያደርግልሻል? ሰው ረስቶታል።»

ታናሽ እህት ሲባል እንዲህ ነው፤ ከሷ በፊት የሆነ ሁሉ አሮጌ ነው። የጋውኑን እጅጌ አቃጠለችው። ሳቅኩባት።

ኅዳር 4

እረፍት ነኝ። ሦስቱን የድሮ ቅጂዎች ከሣጥን አወጣኋቸው። ሚጣ ሥራ ሄዳለች። መጋረጃውን ዘጋሁና ተቀመጥኩ።

የሲኒማ ቤቱ... ለእኛ ለሠራተኞቹ የሰጡን። ሩጫ ነው። ልጁ ጓንቱን አጠለቀ፣ ድልድዩን ተሸከመ፣ አለቀ። ለምን ውኃ እንደሚፈራ እንኳ አይነግሩንም።

የመጀመሪያው ዲስክ ይሻላል። ወንድሙ ወንዝ ውስጥ የቀረበትን መልሰዋል። ቀለሙ ግን ጉድ ነው! ቀዩ ጓንት ቡናማ ሆኗል። ባለ ቡናማ ጓንቱ ቢሉት ይሻል ነበር።

የቴሌቪዥኑ የባሰ ነው። ሕፃናት እንዳይደነግጡ ብለው መውደቁን ቆርጠውታል። ልጁ ድልድዩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስከፍት ቤቱ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። እንዴት ወረደ? በደረጃ?

በሦስቱም ያቺ ቦታ አለች። እናቱ እጁን ይዛዋለች። ካልለቀቀችው ከድልድዩ ሥር ገብቶ ሊሸከመው አይችልም። «ልቀቂኝ እማዬ፣ አልወድቅም» ይላታል። እያለቀስኩ ነው ያልኩት። በዚያች ነው ሰው ያወቀኝ።

ግን መጀመሪያ እንደዚያ አልነበረም ያሰብኩት። ቤት ስለማመድ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሚጣ የእናቱን ቃል ታነብልኝ ነበር። «አልወድቅም» ብዬ ሳቅኩ። ትንሽ ሳቅ። ልጅ እናቱን ሲዋሽ ይስቃል ብዬ። ሚጣ ፊቷን አጨማደደች። «ተይ እታለም፣ ያሳፍርሻል። ሰው ሊሞት ሲል ይስቃል እንዴ?» አመንኳት። ጆሮዋ ጥሩ ነው፣ ከልጅነቷ። ለስቱዲዮው አዘጋጅም ሳላሰማው ተውኩት።

ነገ አዲሱን እገዛለሁ።

ኅዳር 5

ገዛሁት። ማሸጊያው ያምራል። ጓንቱ ቀይ ሆኗል፣ ተመስገን።

ገና ሲጀምር ድምፄ ጥርት ብሎ መጣ። ወጣት ሆኛለሁ! ቀረጻውን በማሽን አጥበውት ነው አልኩ። ሙዚቃውም ሌላ ነው፣ ቀስ ያለ። ሻይ አፍልቼ ተመቻቸሁ።

ከዚያ የማላውቀው ትዕይንት መጣ። ልጁ ጓንቱን ገንዳ ውስጥ ያጥባል። ለሞተው ወንድሙ ያወራል። በኔ ድምፅ።

እኔ ይኼን አልቀዳሁም።

መለስኩት። ደግሜ ሰማሁ። የኔ ነው... አይደለም። ቃሉን አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም።  አዘጋጁ ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ብሎኝ አንገቱን ደፍቶ ያለፈው ለዚህ ነው? በማሽን ቀድተውኛል? የሞተ ሰው አደረጉኝ?

እያየሁ ቀጠልኩ። ድልድዩ ጋ ደረሰ። እናቱ እጁን ያዘች። «ልቀቂኝ እማዬ፣ አልወድቅም።»

ሳቀ። ትንሽ ሳቅ።

ያንን ሳቅ ከአንድ ሰው በቀር የሰማው የለም።

ኅዳር 6

ለሚጣ ምንም አላልኳት። ቁርስ አብረን በላን። «ፊትሽ ጠቁሯል፣ አሞሻል?» አለችኝ። «ዲስኩን አየሽው?» ብላ አልጠየቀችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ማሽን ይሁን። እባክህ አምላኬ፣ ማሽን ይሁን።

ኅዳር 7

ስቱዲዮ ሄድኩ። አዘጋጁ ኮሪደሩ ላይ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ሲያየኝ ሻዩን እጁ ላይ ደፋው።

«ጉሮሮሽ... ተሻለሽ?»

«ጉሮሮዬ ምን ሆነ?»

«ቀዶ ጥገና...»

የማን ቀዶ ጥገና? ወንበር ሰጡኝ። ለአዲሱ ዲስክ ሲደውሉልኝ ስልኬን እህቴ አንስታ ኖሮ። «ጉሮሮዋን ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል፣ ከእንግዲህ ማይክ ፊት አትቆምም፤ ስለሱ ሲያነሱባትም ይከፋታልና እንዳትጠይቋት» ብላቸዋለች። ድምፅዋን ሲሰሙ ደነገጡ። ድምፅሽ ቁርጥ የእህትሽ ነው አሏት። ለአንድ ቀን መጥታ ሞከረች... ከዚያ ሙሉውን ሰጧት። በየሳምንቱ «ሥልጠና አለኝ» እያለች የምትወጣው ለካ እዚያ ነው! ምሳ እየቋጠርኩ የሸኘኋት።

«ማስታወቂያዎቼን አትሰማም?» አልኩት።

«የድሮ መሰሉኝ» አለ። አንገቱን ሰበረ። አዘንኩለት ልበል? አላዘንኩለትም። አንድ ስልክ ለኔ መደወል ስንት ያስወጣል?

ማታ ሚጣ ዳቦ ይዛ ገባች።

«ጉሮሮዬን ማን ቀደደው?» አልኳት።

ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። አልካደችም። ብትክድ ይሻለኝ ነበር።

«ልነግርሽ ነበር እታለም።»

«መቼ?»

ዳቦውን ከፌስታሉ ማውጣት ጀመረች።

«ሳቁስ? ያሳፍርሻል ያልሽኝ?»

«ያኔ እውነቴን ነው። ልጅ ነበርኩ። በኋላ ሳስበው... ትክክል ነበርሽ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራው አልቆ ነበራ!»

ከዚያ ጮኸች። ሚጣ ጮኻብኝ አታውቅም። «ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ቃል ሳነብልሽ ኖርኩ! እናቱን፣ ጠላቱን፣ ጎረቤቱን! አንድ ቀን ልጁን አንብቢ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ብጠይቅሽስ ትሰጪኝ ነበር?»



ኅዳር 8

አልሰጣትም ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ታዲያ ያልሰጡትን መውሰድ ስሙ ምንድነው? እሱንስ ማን ይጻፍ? በሽተኛ አድርጋኝ! በቁሜ!

ኅዳር 10

የፊልም ወዳጆች ጋ ሄድኩ። መቅረት አማረኝ፤ ግን በምን ሰበብ? ጉሮሮዬን አሞኛል ልበል?

አዳራሹ ሙሉ ነው። ስለ ቀለሙ አወራሁ፤ የቴሌቪዥኑን ሻይ ስነግራቸው ሳቁ። ስለ አዲሶቹ ትዕይንቶች በአጭሩ አለፍኩ። ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች፣ መምህርት ነኝ አለች። «ድሮ ሲያለቅስ ወድጄው ነበር። አሁን ሲስቅ ግን ልቤን ነው የሰበሩት። ራስዎን በልጠው ተገኝተዋል» አለችኝ።

ሰው አጨበጨበ። አመሰግናለሁ አልኩ። ምን ልበል? «የሰረቀችኝ እህቴ ናት» ልበል? ወይስ «ሳቁ የኔ ነው፣ የሳቀችው ግን ሌላ ናት» ልበል? ማን ይገባዋል?

ቤት ስገባ የሚጣ ሻንጣ በሩ ጋ ቆሟል። አክስቴ ጋ እሄዳለሁ አለች። ሂጂ አልኳት። ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች። እኔ ግን ቁልፉን ነው የጠየቅኳት።

ኅዳር 14

እማዬ ደወለች።

«ታናሽሽ እኮ ናት። ይለፍላት።»

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«...መጀመሪያ ጉሮሮሽን ታመምሽ ሲሉ ሰምቼ ልሞት ነበር። ኋላ ነው የነገረችኝ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ። አንቺ ስምሽን አግኝተሻል፣ እሷም ትንሽ ይውጣላት ብዬ ነው። ደግሞ ማን ይለየዋል ልጄ? ድምፃችሁ አንድ ነው።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ። የኔ ደግሞ ሁለት ፈረስ።

ኅዳር 15

ማን ይለየዋል... እናቴ አትለየውም?

ኅዳር 22

አዘጋጁ ቤቴ ድረስ መጣ። አስገባሁት። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፊልሙ እንደገና ሊወጣ ነው፤ አጭሩና ሙሉው ባንድ ላይ በአንድ ሣጥን። «ስህተቱ የኛም ነው። አንቺ ካልሽ የሷን አውጥተን ሙሉውን ባንቺ እንቀዳዋለን። የሷ ድምፅ ዳግመኛ አይወጣም። አንድ ቃል በቂ ነው» አለኝ።

«ለሷ ነገራችኋት?»

«ነግረናታል። 'እታለም ያለችው ይሁን' አለች።»

ብልጥ! ወይስ እውነቷን ነው? ድሮ ዓይኗን አይቼ አውቅ ነበር። አሁን እሱም ጠፍቶኛል።

አንድ ቃሉን አልኩት። «አውጧት።»

ከሄደ በኋላ ቀለለኝ። የሚገባኝን ነው የወሰድኩት። የኔን።

ታኅሣሥ 2

ቀረጻ ተጀመረ። ጆሮ የምንለው የድምፅ ባለሙያ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጧል። ድሮም እሱ ነበር የቀዳኝ፤ ጸጉሩ ሸብቷል።

ጓንት የሚያጥብበትን አስቀደምን። አልኩት። ጆሮ አቆመኝ። እንደገና አልኩት። አቆመኝ። መስታወቱን አንኳኩቼ ምንድነው አልኩት። አንገቱን አከከ።

«ትንሽ ከብዷል። አባትየው መሰለ እንጂ ልጁ አይደለም።»

አሥር ዓመት አለፈ፣ ምን ላድርግ? ውኃ ጠጣሁ። ቀጠን አደረግኩት፤ የታነቀ ድመት ሆነ። አዘጋጁ ስልኩን ማየት ጀመረ። አፈርኩ። በኔው ልጅ አፈርኩ።

ጆሮ ዘዴ መጣለት። «የሷን በጆሮሽ ልልቀቅልሽ። እየሰማሽ ተከተያት፤ ልኩን ትይዥዋለሽ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሄድፎኑን አጠለቅኩ። ሚጣ በሁለቱም ጆሮዬ ገባች። ስትተነፍስ ተነፈስኩ። ስትፈጥን ፈጠንኩ። ቃሉን የምትሰብርበት ቦታ አለ፣ እኔ የማላስበው... ጥሩ ነው። ከኔ ይሻላል። ያንን ነው ይቅር የማልላት። ቀኑን ሙሉ እየተከተልኳት ድልድዩ ጋ ደረስን። «ልቀቂኝ እማዬ» አለች፤ አልኩ። «አልወድቅም» አለች፤ አልኩ። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ጆሮ ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ በራ።

«በቃ! ይኼ ነው!» አለኝ። «ቁርጥ እሷን!»

ሄድፎኑን አውልቄ አመሰገንኩት።