አራተኛዋን አበባ ስላስነቀሉኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የደን ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው የዝናብ ወራት፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር በጥላ የሚያብቡ ዕፅዋትን ለጥበቃ እንዲረዳ እንድቆጥር የላኩኝ ባለሙያ ነኝ። ስለጣሉብኝ አደራ አመሰግናለሁ፤ አደራውን በልቼዋለሁ።

አንደኛ፣ መመሪያዎ ከእያንዳንዱ ዝርያ ሦስት ናሙና ከነሥሩ ተነቅሎ፣ በጋዜጣ መካከል ደርቆ እንዲቀርብ ያዝዛል። ከዚህ በፊት ማንም ያልመዘገባት፣ ከጉልበት የማታልፍ፣ ነጭ አበባ ያላት ተክል አገኘሁ። በአሥራ ሁለት ቀን ፍለጋ ያየሁት አራት እግር ብቻ ነበር። ሦስቱን ነቀልሁ። መመሪያው ሲጸድቅ ዕፅዋቱ ቁጥራቸውን እንዲያስተካክሉ በወቅቱ ቢነገራቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለቢሮዎ ግድግዳ የሚሆን አንድ ተጨማሪ፣ ያማረ ናሙና እንዳመጣልዎ በትሕትና ጻፉልኝ። እዚህ ላይ እርስዎን ብቻ ብከስ ደስ ባለኝ፤ አልችልም። አብረውኝ የነበሩት ሽማግሌው የደን ጠባቂ፣ «ልጄ፣ ይቺን እንኳ ለዘር ተዋት» አሉኝ። እኔ የተማርሁት፣ «አባባ፣ ሌላ ቦታ አይጠፋም» ብዬ መለስሁላቸው። እንደሚጠፋ አውቅ ነበር። ኮንትራቴ ሊታደስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበርና ነቀልኋት። እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ አፈርሁ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ሦስተኛ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቦታውን በአጥር አስከልለው «አበባ መንቀል ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ስላቆሙልን፣ ለእኔም የምስክር ወረቀት ስለሸለሙኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ባለቤቴ ወረቀቱን ሳሎን ልትሰቅለው ስትል የማደርገው ጠፍቶኝ አልጋ ሥር ደብቄው ሰነበትሁ። አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼዋለሁ። ባቀረብሁት ሪፖርት ውስጥ ስለ አበባዋ «በአንድ ቦታ ትገኛለች» የሚለው ተሰርዞ፣ «ባለሙያው የመጨረሻዋን ነቅሏታል» ተብሎ ከነስሜ እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኮንትራቴንም እንዳያድሱልኝ።

እጁ ለትእዛዝዎ የፈጠነ፣ ኅሊናው ግን የዘገየበት፣
አክባሪዎ የዕፅዋት ቆጣሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጠባቂው አባባ ዛሬም በየጠዋቱ አጥሩ አጠገብ ይቆማሉ። ጎብኚ አበባዋ የት ናት ብሎ ሲጠይቃቸው የእኔን ስልክ ቁጥር ይሰጡታል። ስንት ቀን ሲደወልልኝ ሳላነሳ ቆየሁ፤ ትናንት አነሳሁ። የአንድ ትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ። አበባዋ ከእርስዎ ወንበር ጀርባ እንደተሰቀለች ነግሬያቸዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ከአርባ ተማሪዎቻቸው ጋር ወደ ቢሮዎ ይመጣሉ።