ተቀበል የተባለው ድምፅ ማጉያ

ጎንደር፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

የጠዋት ቆጠራ፦ ከአዳራሹ ምረቃ የቀረው የመጨረሻ ጭነት ገብቷል። ወንበር ሙሉ ነው፤ የሁለቱ እግር ተሰብሯል። ድንኳኑ ደህና ነው፤ አንድ ካስማ ጠፍቷል። ድምፅ ማጉያው ምንም አልሆነም።

ለገበያ አዳራሾችና ለአደባባይ ዝግጅቶች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ በምረቃው ዕለት ያለ ዕረፍት ለደከመው ጉሮሮዎም ፈውስን ከአላህ እለምናለሁ። እኔ በዚሁ ከተማ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ድምፅ ማጉያ የማከራይ ዐብዱልከሪም ነኝ። ከላይ ያለው ቆጠራ ክቡርነትዎን የሚመለከት አይደለም፤ የየዕለት ማስታወሻዬን ሳልቆጥር መጀመር አልችልበትም፣ ይህንም ደብዳቤ የጻፍኩት በዚያው ማስታወሻ ላይ ነውና ይቅር ይበሉኝ። በግልጽ እንዲነበብ የፈለግሁት፣ ጥፋቱም የተፈጸመው ሕዝብ በተሰበሰበበት ስለሆነ ነው። ምስጋናዬን እንዳይደበላለቅብኝ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አዳራሹ ስለ ማማሩ አመሰግናለሁ። አምሯል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። በምረቃው ላይ የሚዘፈን ግጥም ሁሉ አስቀድሞ በጽሑፍ ቀርቦ፣ ተነብቦና ማኅተም አርፎበት እንዲመለስ ጽሕፈት ቤትዎ ባዘዘ ጊዜ፣ በዚህ አገር ሠርግና ድግስ ላይ ስንት ያልተገመገመ ግጥም ሲፈስ እንደኖረ አስቤ ደንግጫለሁ። ትእዛዙን ለአዝማሪ አለነ ያደረስኩት እኔ ነኝ። አለነ ከአምባ ጊዮርጊስ ማሲንቆውን አንግቶ የሚመጣ፣ ወንበሬ በተዘረጋበት ድግስ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የተጫወተ ሰው ነው። ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ ግጥሙ የእሱ እንዳልሆነ፣ ከታዳሚው መካከል የፈለገ ተነሥቶ "ተቀበል" እያለ የሚሰጠው እንደሆነ፣ የእሱ ሥራ የተሰጠውን ተቀብሎ በዜማ መመለስ ብቻ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳኝና፣ "አያ፣ ገና ያልተነገረኝን ከየት አምጥቼ ላስነብብ?" አለኝ። ጥያቄውን ለክቡርነትዎ ሳቀርበው እንደ እምቢታ ተመዘገበ።

ሦስተኛ፣ ስለ ዘመናዊነትዎ አመሰግናለሁ፤ ይህ ምስጋና ግን ለሁለታችን የሚካፈል ነው። ደንበኛ ሲቸገር መላ ይዞ መቅረብ የነጋዴ ጠባይ ነውና፣ በስልኬ ላይ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግጥምም ዜማም እንደሚደርስ፣ የሰው ድምፅና ማሲንቆም አስመስሎ እንደሚያወጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቃሉ አስቀድሞ በወረቀት ሊቀርብ እንደሚችል የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ድንኳኑም ድምፅ ማጉያውም ከእኔ እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ ሆነም። መጀመሪያ ያወጣው ዘፈን አዳራሹን በባሕር ነፋሱና በወደቡ ያወደሰ ነበር፤ ጎንደር ወደብ እንደሌላት ብነግረው በታላቅ ትሕትና ይቅርታ ጠይቆ ወደቡን በግንብ ተካው። ሁለተኛው ክቡርነትዎን ንጉሥ ብሎ ይጠራ ስለ ነበር፣ ደስ ሊያሰኝዎ እንደሚችል ባውቅም ለራሴ ፈርቼ አስቀረሁት። በሦስተኛው ተሳካለት። ማኅተሙ በዚያው ቀን አረፈበት፤ ስለ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ እህል ተራ ጭቃ አንድ ቃል አልነበረበትምና።

ክቡርነትዎ በመክፈቻ ንግግርዎ፣ ማሽን ጥሩ ሙዚቃ ሊደርስ ይችላል ወይ የሚለው ክርክር በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተዘግቷል ብለዋል። ዘፈኑ መጥፎ ነው ብዬ አልዋሽም። ዜማው ሸጋ ነው፤ የአንቺሆዬን ቅኝት አልሳተም፤ እኔ ራሴ መጋዘን ስቆልፍ አፌ ላይ አግኝቼው አፍሬ ትቼዋለሁ። ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የምትማረው ልጄ ኢልሃም ሰምታው፣ አዳራሽ የሚለውን ቃል ብቻ እየለወጥኩ ለባንክም ለሆቴልም እንደ ወንበር ላከራየው እንደምችል ነገረችኝ። እንደ ቀልድ ነበር የተናገረችው፤ እኔ ግን በልቤ ሒሳቡን ጀምሬ ነበር። ሌላም ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ባለፈው ሠርግ አንድ ሰውነቱ ደልደል ያለ ሚዜ ከነወንበሬ ሲወድቅ፣ አንዱ እንግዳ ስለ ወንበሬ ግጥም ሰጥቶ፣ አለነም ተቀብሎ አገር አስቆብኛል። ስለዚህ የማይቀበል ዘፋኝ ማግኘቴ ለእኔም ዕረፍት ነበር። አለነ እንዳይከፋው ብዬ ለምረቃው ዕለት ወንበር እንዲያወርድ ቀጠርኩት፤ ይህንንም ደግነት ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ።

አራተኛው ምስጋና ስለ ዕለቱ ነው። እንግዶች ተቀምጠው፣ ዘፈኑ በድምፅ ማጉያዬ ክቡርነትዎን እያወደሰ ሳለ፣ በእህል ተራ ጤፍ ሲሰፍሩ ያረጁት አያ ዕንባቆም ከኋላ ተነሡ። ማሲንቆ ከተሰማ አዝማሪ አለ ማለት ነውና፣ ዘፋኙ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ የተቀመጠ መስሏቸው ነበር። እጃቸውን ወደ መጋረጃው ዘርግተው "ተቀበል" አሉና ግጥማቸውን ሰጡ፦

አዳራሹ አምሯል፣ በሩ ቀለም ጠጥቷል፤
ቧንቧው ግን እንደ እኛው በውኃ ጥም ሞቷል።

ማሲንቆው ግጥሙን ሳይሰማ አለፈ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ግጥም የሰጠ ሰው አዝማሪው ሳይቀበለው አይቀመጥም፤ አያ ዕንባቆምም እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቆመው ቀሩ። ምናልባት አልተሰማም ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። ዘፈኑ በዚያች ሰዓት ስለ በሩ ውበት ይናገር ነበር። ወጣቶቹ ሳቁ፤ አንዱም ጠጋ ብሎ ማሽን መሆኑንና ሰው እንደማይሰማ ነገራቸው። ሽማግሌው ወደ ድምፅ ማጉያው ዞሩ፤ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

"የማይሰማ ዘፋኝ ማን አመጣብን?" አሉ።

እኔ አልመለስኩም። የመለሰው አለነ ነው። ከዳር ቆሞ ተሸክሞት የነበረውን ወንበር መሬት አስቀመጠና፣ ያለ ማሲንቆ፣ በባዶ ጉሮሮው፣ የአያ ዕንባቆምን ግጥም አንድ ቃል ሳያጎድል ተቀበለ። የተሰጠን ግጥም ሰምቶ ዝም ማለት በእሱ ሙያ ነውር ነው፤ ማሲንቆው ቤት ስለ ዋለ ነውሩ አይቀርለትም። እህል ተራው በሙሉ በጭብጨባ አገዘው፤ አያ ዕንባቆምም ግጥማቸውን ስለ ተቀበላቸው ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ ክቡርነትዎ ጣትዎን ወደ ላይ አንሥተው ምልክት ሰጡኝ፤ እኔም ድምፅ ማጉያውን ከፍ አደረግሁ። ምንም ጉልበት አልጠየቀኝም። የድምፁ መጨመሪያ ክብ ነገር ነው፤ በሁለት ጣት ይዞራል። የአለነን አፍ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፁን ግን ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

ጥበቃዎቹ አለነን ክንዱን ይዘው ባመጡት ጊዜ፣ ክቡርነትዎ በሁላችን ፊት ይህን ሰው አውቀው እንደሆነ ጠየቁኝ። ከኋላዬ ድንኳኔ ተዘርግቷል፣ ከፊቴ የጥር በዓላት ውል አለ፣ ዙሪያዬን የማከብራቸው ነጋዴዎች ቆመዋል፤ አዝማሪ ወዳጄ ነው ማለት በዚያ ሰዓት ከበደኝ።

"ወንበር አውራጅ ነው" አልኩ።

ውሸት አይደለም። ውሸት ቢሆን ኖሮ ዋሽቻለሁ ብዬ እገላገለው ነበር። አለነም አልተከራከረም። የዕለቱ ጭነት ካበቃ በኋላ ጋቢውን ሊወስድ መጣና፣ እኔ አንገቴን ስሰብር አይቶ፣ ሊያጽናናኝ የፈለገ በሚመስል ድምፅ፣ "ምነው አያ፣ እውነትዎን ነው እኮ፤ ወንበር አውርጃለሁ" ብሎኝ ወጣ። ያስቀመጥኩለትን ምግብ አልነካውም።

ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር አይወጣልኝም፤ ስለዚህ ዝም ብዬ እጽፈዋለሁ።

በማግስቱ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ፣ አለነ ያልተገመገመ ግጥም በማሰማት ዝግጅት ስላወከ በከተማው የአደባባይ ዝግጅቶች ላይ ላልተወሰነ ጊዜ እንዳይጫወት መታገዱን አንብቤአለሁ። ጥር ሲመጣ ሠርጉም በዓሉም የሚደራበት፣ አለነም የዓመት ጉርሱን የሚያገኝበት ወር ነው። ዕገዳው የአደባባይ ብቻ ነው ቢባልም፣ ድግስ ያላቸው ሰዎች ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር መቀያየም ስለማይፈልጉ፣ በእሱ ምትክ ሌላ አዝማሪ እንድፈልግላቸው፣ ካልሆነም "ያንን የስልኩን" እንዳከራያቸው እየጠየቁኝ ነው። ገበያው ወደ እኔ መጥቷል ማለት ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ገበያ አስጠልቶኝ አያውቅም።

ተዘግቷል ያሉትን ክርክር መክፈት አልፈልግም። ማሽኑ ጥሩ ዜማ ይደርሳል፤ ነገም ከዚህ የተሻለ ይደርስ ይሆናል፤ የጠየቅነውንም ሳያጎድል ስለ ሰጠን እሱን አልወቅሰውም። ነገር ግን ክቡርነትዎና እኔ የፈለግነው ጥሩ ዜማ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። የፈለግነው ማንም ተነሥቶ ግጥም ሊሰጠው የማይችል ዘፋኝ ነበር፤ እርስዎ ቧንቧው እንዳይነሣብዎ፣ እኔ ወንበሬ እንዳይነሣብኝ። በአዝማሪ ዘንድ የዘፈኑ ግማሽ ያለው በታዳሚው አፍ ነው። እኛ ያንን ግማሽ አስቀርተን፣ የቀረውን ግማሽ በትልቅ ድምፅ ማጉያ አሰማን። ሽማግሌው በሕዝብ ፊት ላነሡት ጥያቄም መልሱ ይኸው ነው፤ የማይሰማውን ዘፋኝ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ስለሆነም በታላቅ አክብሮት የሚከተለውን አመለክታለሁ። አለነ ዝግጅት አላወከም፤ ሙያው የሚያዝዘውን ፈጸመ፤ ያወከ ሰው ቢፈለግ ድምፅ የጨመረው ይጠየቅ። ዕገዳውም ጥር ሳይገባ ይነሣለት። ያን ዕለት ለጠየቁኝ ጥያቄም የዘገየ መልሴን እነሆ፦ አለነን አውቀዋለሁ። ታላቅ ልጄን ዐዚዛን ስድር ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በተለየው ድንኳን ውስጥ እስኪመሽ የተጫወተ፣ ባለቤቴ ሐዲጃ ታማ በተኛች ጊዜም ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ ማር ይዞ የጠየቀን ሰው ነው። ዘፈኑን ከስልኬ አጥፍቻለሁ፤ በጽሕፈት ቤትዎ የቀረውን ቅጂ ግን ክቡርነትዎ ብቻዎን ሲሆኑ ቢሰሙት አልቃወምም። ለጥር የተስማማነውን ድምፅ ማጉያ አላቀርብም። ድንኳኑንና ወንበሩን በውላችን መሠረት አቀርባለሁ፤ ወንበር ሰውን አይክድም፣ ቢበዛ ይጥለዋል።

ለአዳራሹ ጣሪያ ዕድሜ፣ ለክቡርነትዎም በጣሪያው ሥር የረጋ መቀመጫ እየተመኘሁ፣ ጣትዎን ባነሡ ጊዜ ያለ ማመንታት የታዘዝኩ፣ ዛሬ ግን ታዝዤ ስለ ነበር እንቅልፍ ያጣሁ፣

አክባሪዎ
ዐብዱልከሪም፣ ድንኳን አከራይ

ማስታወሻ፦ የአዳራሹ ዘበኛ ዛሬም ባዶ ጀሪካን ይዞ ውኃ ሊለምን ወደ መጋዘኔ መጥቶ ነበር፤ ሞልቼ ሰጥቼዋለሁ። ጀሪካኑን ሲሸከም የሚያንጎራጉረው ማኅተም ያረፈበትን ዘፈን ይሆናል ብዬ ጆሮዬን ብጥል የአያ ዕንባቆም ግጥም ሆኖ አገኘሁት። ሾፌሮችም ግጥሙን በአምባ ጊዮርጊስ መንገድ፣ ኮሶዬ ባሉ ምግብ ቤቶች ውስጥ እንደሰሙት ነግረውኛል። ለግምገማ እንዲመችዎ ሙሉ ቃሉን ከላይ አስፍሬዋለሁ፤ ማኅተም ማሳረፍ ቢያስፈልግ ቦታ ትቼለታለሁ።

ነገ፦ መንገዱ ክፍት ከሆነ በመጀመሪያው መኪና አምባ ጊዮርጊስ መሄድ። አለነን ይቅርታ መጠየቅ። አያ ዕንባቆም ሽማግሌ ሆነው አብረውኝ ይሄዳሉ።