ውሪት ከጭኔ የወረደች ሰሞን

ኅዳር 5፣ ሰኞ

ዛሬም አልመጣችም። እቤት አለች፤ ጭኔ ላይ ነው ያልመጣችው። ጥጥ ልፈትል ተቀምጬ "ውሪ፣ ውሪ" አልኋት። ጆሮዋን አቆመች፣ አየት አደረገችኝና ወደ ደጅ ወጣች። እኔም እንዝርቱን ይዤ ትመለስ ይሆናል ብዬ እንደ ሞኝ ጠበቅሁ። ድመት አኮረፈችኝ ብዬ ለማን እነግራለሁ?

ባሌ ነው ያመጣት። ከአርበኞቹ ጋር ከገባበት ጫካ ብቅ ያለው ባለፈው ጥር ነበር፤ ከሽንዲ በኩል ሲመጣ በጋቢው እጥፋት ደብቆ አመጣት፣ ያኔ ከመዳፌ አትበልጥም። ሲሄድ ሆዴ እንዳይባባ ብሎ ቀለደ፤ "ይህች ድመት ጭንሽ ላይ እስካለች እኔም አለሁ በይ" አለኝ። እናቱ እሜቴ ከጓዳ ሆነው ሰሙት። ለሱ ቀልድ ነው። እሜቴ ግን ከአፍ የወጣ ነገር ሁሉ ሚዛን ላይ የሚያርፍ ይመስላቸዋል። ድመት መደብ ላይ ስትወጣ በዱላ የሚያባርሩ ሴትዮ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ውሪትን "ገደኛዋ" ይሏት ጀመር። እኔም ሳላስበው አመንሁ።

ከሰኔ ወዲህ የሱ ወሬ የለም። በክረምቱ ከሽንዲ ማዶ ውጊያ ነበር ተባለ፤ እነማን እንደወደቁ ግን የነገረን የለም። ቡሬ ጣሊያን ስላለ ገበያ ወጥቶ መጠየቅም አይቻል።

ሥራው ተቆልሏል። ዳጉሳው ገብቷል፣ ጤፉ ደርሷል፣ ጌሾው አልተወቀጠም። የፊታችን ሰኞ የሚካኤል ማኅበር ነው፤ ተራውም የኛ።

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

ቆጠርሁ ማለት አልወድም እንጂ፣ ከመስቀል ወዲህ ጭኔ ላይ የወጣችበትን ቀን አላስታውስም። ድሮ እኮ አላስቀምጥም ትለኝ ነበር! ስፈጭ ጀርባዬ ላይ፣ ስተኛ አንገቴ ሥር። ነጠላዬን እንደ ጡት እየጠባች፣ በእግሯ እያሸች፣ ጉሮሮዋ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ነበር የምትተኛው። የነጠላዬ ጫፍ እስካሁን በምራቋ እንደደረቀ ነው።

አሁን የምታድረው ጎተራው ላይ ነው። ስጠራት ትሰማኛለች፤ ጅራቷን አንድ ጊዜ ታወዛውዛለች። በቃ።

እሜቴ አይተው ይሆን? አይመስለኝም። ቢያዩም ባያዩም ዝም ይሻላል፤ ዝም አይነቅዝም።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

ጾም ስለሆነ ወተት የሚነካ የለም። የጠዋቱን አለብሁና ግማሹን በገበቴ ለውሪት ሰጠሁ። ለቅቤ የሚሆን ወተት ነው፤ እሜቴ ቢያዩ ምን ሊሉ ነው ብዬ ደጅ ደጁን እያየሁ። ጥርግ አድርጋ ጠጣች። ጎንበስ ብዬ ላነሳት ስል በእጄ ሥር ሾልካ ሄደች። ውለታ ቢስ! ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ጢሟን ጠረገች።

ጌሾ ስወቅጥ እሱን አሰብሁት። ሲስቅ አንድ ዓይኑን እንደሚጨፍን አሰብሁና መውቀጤን ተውሁ። ትንሽ አለቀስሁ፣ ከዚያ ቀጠልሁ።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

ያደረግሁትን ልጻፈው፤ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

እሜቴ ጎረቤት ሲወጡ ጠብቄ ውሪትን ያዝኋት። የጥጃ ገመድ አሳጥሬ አንገቷን በላላ አሰርሁና ሌላውን ጫፍ ምሰሶው ላይ። ከዚያ ጭኔ ላይ አስቀመጥኋት። ትንሽ ብትቆይልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ አንዲት ጉሮሮ ብትሰማኝ። ቧጨረችኝ። ክንዴ ከክርኔ እስከ አንጓዬ ተሰነጠቀ። "ምን አደረግሁሽ፣ ምን በደልሁሽ" እያልሁ ሳለቅስ እሜቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ለካ ጎረቤታችን ቤቷ አልነበረችም።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ገመዱን ፈቱላት። አጠገቤ ቁጭ አሉና "እኔም አይቻለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"ከመስቀል ወዲህ አልወጣችብሽም። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ዝም ያልሁ።"

እኔ ለሳቸው ስደብቅ እሳቸው ለኔ ሲደብቁ! ጠጋ ብዬ ሳያቸው ፀጉራቸው ደርቋል። ይሄን ሁሉ ሰንበት ቅቤ አልተቀቡም። እንዴት አላየሁም?

ከዚያ የፈራሁትን አመጡት። ሰኞ ቄሱ ማኅበሩን ሲባርኩ የሕያዋንንም የሙታንንም ስም ያነሳሉ። "ክርስትና ስሙን ልስጣቸው መሰለኝ፤ ከሙታን ጋር" አሉ። "ነፍሱ ያለ ጸሎት ስትንከራተት እኔ እዚህ ጠላ ልጠምቅ?"

አንዴ ስሙ እዚያ ከተጠራ በኋላ እኔ ምኑን እጠብቃለሁ? ሰው ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ፀጉሬን እላጫለሁ፣ አለቀ።

ኅዳር 9፣ ዓርብ

እማሆይ ዘንድ ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለችው ጎጆ የሚኖሩት መነኩሲት ናቸው፤ ስንት ድመት እንዳሳደጉ አላውቅም። ብቻ ድመት ያውቃሉ። ክንዴን አሳየኋቸው። ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው፤ የባሌንም ቀልድ፣ የእሜቴንም ሐሳብ።

ሳቁብኝ። ምን እንደማደርግ ቸግሮኝ እኔም ሳቅሁ።

"ስንት ወሯ ነው?" አሉኝ።

"በጥር የገባች ናት።"

"እንግዲያ ዓመት ሊሞላት ነው። ልጄ፣ ድመቷ አደገች። ግልገል ሳለች እናቷ አንቺ ነበርሽ፣ ነጠላሽን የምትጠባው ለዚያ ነው። ያደገች ድመት ጡት ትጠባለች? ደጅ አላት፣ አይጥ አላት፣ የምትጠብቀው አላት። ጠላችሽ ማለት አይደለም።"

"ታዲያ ፍቅሯ የት ሄደ?"

"የትም አልሄደ። አንቺ ጭንሽ ላይ ስለምትፈልጊው ነው የማታዪው።"

ጥሩ ተናግረዋል። ግን እማሆይ ባል የላቸውም፤ ለሳቸው ድመት ድመት ናት። ስመለስ መንገዱን ሙሉ አምኜ መጣሁ፣ ደጃችን ስደርስ ውሪት አይታኝ ዘወር ስትል እምነቴ ጥሎኝ ሄደ።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

ጠዋት መደቤ ሥር የሞተ አይጥ አገኘሁ። ትልቅ ነው፣ የዳጉሳ አይጥ። አልተበላም፤ እንዲያው ለኔ የተቀመጠ ይመስላል። ውሪት ራቅ ብላ ታየኛለች። "ይሄ ምንድነው?" አልኋት። ዓይኗን ቀስ አድርጋ ጨፈነችና ከፈተች። ጭራውን ይዤ ጣልሁት። ዘንድሮ ጎተራው አለመቀደዱ አሁን ትዝ አለኝ፤ አምና ይሄን ጊዜ አይጥ ግማሹን ጨርሶት ነበር።

ማታ ከእሜቴ ጋር ተጋጨን። እህል እየለቀምን "ቄሱን ነገ ከቅዳሴ በኋላ አነጋግራቸዋለሁ" አሉ።

"አይሰጥም" አልሁ።

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። "ምን አልሽ?"

"ስሙ ከሙታን ጋር አይሰጥም አልሁ። ሬሳ አላየን፣ መርዶ አልመጣ። በድመት ነው የምንቀብረው?"

ወደዚህ ቤት ስገባ ልጅ ነበርሁ፤ ቀና ብዬ አላያቸውም። "እንዲህ ያለ አፍ አልነበረሽም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አልነበረኝም። ይቅርታ አልጠየቅሁም። ኋላ ግን እግራቸውን አጠብሁ፣ ይከለክሉኛል ብዬ ስፈራ አልከለከሉኝም።

ኅዳር 11፣ እሑድ

እሜቴ ቄሱን አላነጋገሩም፤ ወይም እኔ ሳላይ አነጋግረዋል። አልጠየቅሁም። ጠላ ስናጣራ፣ ዳቦ ስናቦካ ዋልን። የተነጋገርነው "ያን አቀብዪኝ"፣ "እንኩ" ብቻ ነው።

ጠላው አምሯል። እሱ ቢቀምሰው ደስ ይለው ነበር።

ኅዳር 12፣ ሰኞ ጠዋት

ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ ትንሽ ልጻፍ። እሜቴ ነጭ ለብሰዋል። ከመውጣታቸው በፊት "የናት ሆድ ያውቃል" አሉኝ፤ ሌላ አልተናገሩም። እንግዲህ ቆርጠዋል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልከራከራቸው አልችልም፤ ነውር ነው። ውሪት ዛሬ ጭራሽ የለችም። ሚካኤል ሆይ፣ አንተው እወቅልኝ።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

የትናንቱን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ማኅበርተኛው ተቀመጠ። ዳቦው ቀረበ። ቄሱ ለጸሎት ሲነሱ እሜቴም ተነሡ፤ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ሲሉ አየሁ። ስሙን እንዳልሰማ ማሰሮዬን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

አጥሩ ሥር አንድ የቆሎ ተማሪ ቆሟል። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ፣ እስከ ዓይኑ የተሸፈነ። "በእንተ ስማ ለማርያም" አለ። ድምፁ የተማሪ አልነበረም። አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ እሱ ነው።

ድሮ ቢሆን እጮህ ነበር፣ አንገቱ ላይ እጠመጠም ነበር። አልሮጥሁም። ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቡሬ መንገድ ነው፤ የሚመጣ ነገር እንደሌለ አየሁ። ከዚያ ጮክ ብዬ፣ እንደ እንግዳ፣ "ግባ ተማሪ፣ ለሚካኤል ዝክር የመጣ አይመለስም" አልሁት። ለዝክር የመጣ እንግዳ ከየት ነህ አይባልም፤ እሱም ይህን አስቦ ነው ቀኑን የመረጠው።

ይዤው ገባሁ። ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ከልጅነቱ ያውቁታል። ሁሉም ዋንጫ ዋንጫውን ያይ ጀመር። አንድ ሰው ብቻ "ተማሪ፣ ወዲህ ጠጋ በል" ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ቄሱ እሜቴን "ስሙን ከየትኛው ላንሳው ነበር ያሉኝ?" ብለው ጠየቁ። እሜቴ ምሰሶውን ያዙ። "ከሕያዋን" አሉ። ድምፃቸው ልክ የጨው ዋጋ እንደሚጠሩ ዓይነት ነበር። ከዚያ ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ።

ውሪት መጣች። ደበሎውን አሸተተችና ፀጉሯን አቁማ ወደ ጎተራው ሸሸች። "ያቺ ናት? ጉድ፣ አድጋለች" አለ ቀስ ብሎ። ጭኔ ላይ እስካለች ብሎ የተናገረውን ብጠይቀው ጭራሽ ረስቶታል። "እኔ ነኝ እንዲህ ያልሁ?" አለ። በሳቁ ልደበድበው ምንም አልቀረኝ። ስንት ሌሊት ያስለቀሰኝን ነገር!

ሰው እየበላ እየጠጣ ሲጫወት እሱ ጎተራው ጀርባ ተኛ። እንደሞተ ነው የተኛው። እግሩ ቆስሏል፣ ከስቷል። ባየው ብዬ ልቤ ተቃጠለ። ግን በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጥጤን ፈተልሁ። ምን እንደፈተልሁ አላውቅም፤ ጆሮዬ የውሻ ጩኸት ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ከሰዓት በኋላ ውሪት አጠገቤ ስታልፍ ጎኗን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሸት አደረገችኝ። እጄን አልዘረጋሁም፣ አለፈች።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ነቃ። ማኅበርተኛው ሲበተን ተቀላቅሎ ወጣ። ዛሬ ረፋድ የፈጣምን ወንዝ በደህና ተሻግሯል የሚል መልእክት ደርሶናል፤ እሜቴ ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ደጅ ተቀምጠዋል። እኔ ግን ሲለየኝ ያለኝ ነገር ከራሴ አልወጣም።

"ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ዋልሽ" አለኝ። "ድሮ እኮ ካንገቴ አትወርጂም ነበር። ጠልተሽኛል እንዴ?"

"ፊቴን ወዳንተ ባደርግ በሩን ማን ያየው ነበር?" አልሁት።

ብዙ አየኝ። ትከሻዬን ነካ አደረገ። ገብቶት ይሁን ተቀይሞ እንጃ። እወድሃለሁ ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ታች ሰፈር ውሻ ጮኸና ወደዚያ ዞርሁ።